ኬክ ቤቱ ላይ የታሰረው በግ

ኬክ ቤት ያላት አንዲት ጎረቤቴ ለፋሲካ ሰሞን ደውላ «አንተ ልጅ፣ ሰዎች እየደወሉ በጉ ስንት ነው ይሉኛል» አለችኝ። መጀመሪያ ቁጥር የተሳሳቱ መስሏት ነበር። ሦስተኛው ደዋይ ግን «ጎግል ማፕ ላይ አይቼ ነው» አላት። ከፍተን ስናይ እውነትም የኬክ ቤቱን ገጽ ሲከፍቱ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ፎቶ በግቢው የብረት በር ላይ የታሰረ ነጭ ሙክት በግ ነው። ከሥሩ ኮከቦቹ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ስልክ ቁጥሩ ተደርድሯል። ኬክ የሚባል ነገር ለማየት አምስት ስድስት ፎቶ ማለፍ ያስፈልጋል። ከሚታለፉት አንዱ የሎተሪ ቲኬት፣ አንዱ የቴሌግራም ቻናል ስክሪንሾት ነው። ሁለቱ ደግሞ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ያለው ጎማ መሸጫ ነው።

«ታዲያ አጥፋልኛ!» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ስለምውል እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ በእጄ ያለ ይመስላታል። ማጥፋት አልቻልኩም። እሷም አትችልም። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ የቤቱ ስም የሷ ነው፣ ስልኩ የሷ ነው፣ ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት፣ ካርታው ላይ ያለው ገጽ ግን የሷ አይደለም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ለሚል ሰው ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። ጎግል ማፕ በ2005 ተጀመረ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ዓለምን በሙሉ በራስ ሠራተኛ መሳል ግን የማይሆን ነገር ነው፤ በተለይ መንገዱ ስም፣ ቤቱ ቁጥር በሌለው አገር። ስለዚህ በ2008 ማፕ ሜከር የሚባል መሣሪያ መጣና ማንኛውም ሰው ሰፈሩን ራሱ እየሳለ እንዲጨምር ተፈቀደለት። ካርታ ያልነበራቸው ብዙ ከተሞች በዚህ ተጠቅመዋል። በሚያዝያ 2015 ግን ፓኪስታን ውስጥ ራዋልፒንዲ አጠገብ አንድ ሰው መናፈሻ አስመስሎ የሳለው ነገር ከላይ ሲታይ የአንድሮይድ ሮቦት በአፕል አርማ ላይ ሲሸና ሆኖ ተገኘ። ዓለም ሳቀ፣ ጎግል አፈረ፣ መሣሪያው ለጥቂት ወራት ቆመ። በ2017 ጨርሶ ሲዘጋ ሥራው ወደ ዋናው ካርታ ተዛወረ። ዛሬ አዲስ ቦታ የሚጨምረው፣ የሥራ ሰዓት የሚያርመው፣ ፎቶ የሚሰቅለው ስልክ የያዘ ሁሉ ነው። የንግድ ቤታችሁ ገጽ እናንተ ሳትጠየቁ በአንድ መንገደኛ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ የአዲስ አበባ አብዛኛው ሱቅና ካፌ ካርታ ላይ የወጣው እንዲሁ ይመስለኛል።

ለባለ ንግዱ የተሰጠው ወንበር ሌላ ነው። በ2014 ጎግል ማይ ቢዝነስ ተብሎ ተጀመረ፣ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ይባላል። ክፍያ የለውም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ስልኩን ያስተካክላል፣ ለአስተያየት መልስ ይሰጣል፣ የራሱን ፎቶ ይሰቅላል፣ የሰቀለውንም ይሰርዛል። ደንበኛ የሰቀለውን ግን መሰረዝ አይችልም። የፌስቡክ ገጽ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ፌስቡክ ላይ ገጹ ቤታችሁ ነው፤ ያልወደዳችሁትን ታወጣላችሁ። ካርታ ላይ ያለው ገጽ ግን ሕንፃ መግቢያ ላይ እንዳለ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ አላፊ አግዳሚውም ይለጥፍበታል፣ እናንተም ትለጥፋላችሁ፣ የሚነቅለው ግን ሰሌዳውን የሰቀለው ድርጅት ነው። አሠራሩ ሲያዩት ግፍ ይመስላል። ነገር ግን ባለቤቱ ያሻውን ፎቶ መንቀል ቢችል ኖሮ የሆቴሉን የሻገተ ግድግዳ የሚያሳይ ፎቶ አንድ ቀን አያድርም ነበር።

እንግዲህ መንቀል ካልተቻለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ፎቶ እንዴት እዚህ ደረሰ?» የሚለው ነው። ሰዎች በቀጥታ ወደ ሪፖርት ይሮጣሉ። እኔም እንደዚያ ነበር ያደረግኩት፤ ሦስት ሳምንት ያቃጠልኩትም በዚህ ነው። ፎቶው የመጣበት መንገድ የሚሄድበትን መንገድ ይወስናል።

ትልቁ ምንጭ ተንኮል አይደለም፣ ስልኩ ራሱ ነው። አንድ ሰው አካባቢያችሁ ፎቶ ሲያነሳ ስልኩ የቦታውን ሎኬሽን ከፎቶው ጋር አብሮ ሊመዘግብ ይችላል። በኋላ ካርታው «እዚህ ቦታ ነበርክ፤ ፎቶህን ለሌሎች አካፍል» የሚል መልእክት ይልክለታል፣ የቦታውንም ስም ራሱ ገምቶ ያቀርብለታል። ሰውየው ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ እያለ፣ እሺን ይጫናል። ግምቱ ትክክል ካልሆነ የልጁ የልደት ፎቶ የጥርስ ሐኪም ቤት ገጽ ላይ ያርፋል። ጂፒኤስ ገላጣ ሰማይ ሥር እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከልና ከጣሪያ ሥር ደግሞ ስህተቱ ይብሳል።

አሁን ያንን 5 ሜትር ወደ አንድ የቦሌ ወይም የመርካቶ ሕንፃ አምጡት። ምድር ቤቱ ጎማ መሸጫ፣ አንደኛ ፎቅ ኬክ ቤት፣ ሁለተኛው የውበት ሳሎን፣ ሦስተኛው የጉዞ ወኪል፣ አራተኛው የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ ነው። በካርታው ላይ አምስቱም አንድ ነጥብ ላይ የተደራረቡ ፒኖች (የቦታ ምልክቶች) ናቸው። ስልኩ ቁመትን አይለይም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ስለዚህ ለጎማው የተነሳው ፎቶ ለኬኩ ቢሰጥ አይገርምም። ጎረቤቴ የጎማውን ሁለት ፎቶዎች ስታይ «ይሄ ሰውዬ ሆን ብሎ ነው» ብላ ነበር። ሰውየው ጎግል ማፕ ላይ ስለ መኖሩ እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምንጭ ነጥብ ነው። ጎግል በ2015 ሎካል ጋይድስ የሚል ፕሮግራም ጀመረ፤ ካርታውን ለሚያግዙ ሰዎች ነጥብ ይሰጣል። አንድ ፎቶ 5 ነጥብ፣ አንድ አስተያየት 10፣ አዲስ ቦታ መጨመር 15 ነው። ባለ ባጅ የሚያደርገው አራተኛው ደረጃ 250 ነጥብ ይጠይቃል፣ የመጨረሻው አሥረኛው ደረጃ 100,000። በፎቶ ብቻ ልውጣው ላለ ሰው 20,000 ፎቶ ማለት ነው። ብር አይከፈልበትም፣ ግን ሰውን ለማንቀሳቀስ ብር ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው፤ «ፎቶህን ይህን ያህል ሺህ ሰው አየው» የሚል ኢሜይል የደረሰው ሰው ሲኮራ አይቻለሁ። አብዛኞቹ በቅንነት የሚሠሩ ናቸው፤ ካርታው ቆሞ የሚሄደውም በእነሱ ነው። ጥቂቶቹ ግን ከመኪና መስኮት አውጥተው ያነሱትን ብዥ ያለ አስፋልት በመንገዱ ግራና ቀኝ ላለ ሱቅ ሁሉ ያድላሉ።

ሦስተኛው ማስታወቂያ ለጣፊ ነው። ብዙ ሰው የሚያየው ገጽ ፈልጎ የራሱን ስልክ ቁጥር የጻፈበት ፎቶ ይሰቅላል። የቴሌግራሙ ስክሪንሾት ከዚህ ወገን ነው። የሎተሪ ቲኬቱን ግን እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም።

አራተኛው ቁጣ ነው። ከንግዱ ጋር የተጣላ ደንበኛ ወይም የተባረረ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ንግዱ ምንም ያላደረገበት፣ አገር የሚያህል ቁጣ ይመጣል። በመጋቢት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ማግስት በመላው ዓለም ያሉ ሰዎች የሞስኮና የሌሎች ከተሞች ምግብ ቤቶችን ገጽ የጦርነቱን ዜና ለሩሲያውያን ማድረሻ አደረጉት። ጎግል በአካባቢው አዲስ አስተያየት፣ ፎቶና ቪዲዮ መቀበልን ለጊዜው እስከማገድ ደረሰ። ሐሳቡን ደግፉትም ተቃወሙትም፣ የሾርባ ቤት ገጽ ላይ የተለጠፈ የፈራረሰ ከተማ ፎቶ በካርታው ሕግ «ከቦታው ጋር የማይገናኝ» ነው።

ይህ ሕግ ምን እንደሚል ማወቅ ከንዴት ይገላግላል። በአጭሩ ፎቶውና ቪዲዮው እዚያው ቦታ የተነሳ መሆን አለበት፣ ዋናው ጉዳዩም ያንን ቦታ የሚያሳይ መሆን አለበት። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ፎቶ፣ ስክሪንሾት፣ በጣም የጨለመ ወይም ብዥ ያለ፣ ተገልብጦ የቀረበ፣ በፊልተር የተለወጠ ሁሉ ሊነሳ ይችላል። ፎቶ ላይ የሚታከል ጽሑፍ ወይም አርማ ከምስሉ 10 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ አንድ ዳር ላይ ብቻም መሆን አለበት። ይህቺ የመጨረሻዋ እናንተን ባለ ንግዶችንም ትነካችኋለች፤ «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ የሞላበት ፖስተር የራሳችሁ ገጽ ላይ ብትሰቅሉም ሕጉን ጥሳችኋል። ማስታወቂያ፣ የሰው የግል መረጃ፣ ስድብና ማስፈራራት፣ ወሲባዊ ምስል ደግሞ የትም ቢሆን ክልክል ነው።

የማይነሳውን ማወቅም እኩል ይጠቅማል። አስቀያሚ ፎቶ ከቦታው ጋር የማይገናኝ ፎቶ ማለት አይደለም። ዝንብ ያረፈበት ሳህን፣ የተሰበረ የመጸዳጃ ቤት በር፣ ከባድ ዝናብ የዘነበ ዕለት ጎርፍ የገባበት በረንዳ በእናንተ ቤት የተነሱ ከሆነ ይቆያሉ። ደንበኛው ፊቱን ብቻ ያሳየበት ሰልፊስ? መካከለኛ ነው። ከበስተኋላው ቤታችሁ ከታየ ይቆያል፣ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ደግሞ የመነሳት ዕድል አለው። ያረጀ ፎቶም እንዲሁ ነው፤ ወንበሩን ከቀየራችሁ አራት ዓመት ቢሆንም በጊዜው እውነት ስለነበረ «ይህ ቦታ አይደለም» ብላችሁ ብትከሱ አትረቱም። የእኛዋ በግስ? በሩ የኬክ ቤቱ በር ነው፣ በጉም እዚያው ታስሯል። ጎግል ሁለት ጊዜ ሪፖርት አድርጌለት ሁለቱንም ጊዜ ዝም ያለኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ከሁሉ በፊት ወንበሩን ያዙ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባላል፤ እዚህ ግን ባለቤቱ መኖሩንም የሚያውቅ የለም። የንግዱን ስም ካርታው ላይ ፈልጋችሁ ስትከፍቱ «ይህ ንግድ የእርስዎ ነው?» የሚል መስመር ካያችሁ ማንም አልያዘውም ማለት ነው። ጠቅ አድርጉና ማረጋገጫውን ጀምሩ። ድሮ ባለ አምስት አኃዝ ኮድ በፖስታ ካርድ ይላክ ነበር፤ ቤት ለቤት የሚዞር ፖስተኛ በሌለበት ከተማ ካርዱን መጠበቅ ምን እንደሚመስል የጠበቀ ያውቀዋል። አሁን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቪዲዮ ነው። ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ የሆነ ቪዲዮ ሦስት ነገር ያሳያል፦ ሰፈሩን፣ የንግዱን ምልክት፣ እንዲሁም እናንተ የውስጥ ሰው መሆናችሁን። ጎረቤቴ ከአስፋልቱ ማዶ ጀመረች፣ የሕንፃውን ስም አሳየች፣ ደረጃውን ወጥታ ታፔላውን አሳየች፣ ቁልፍ አውጥታ በሩን ከፈተች፣ ገንዘብ መቀበያውን ከፍታ ጨረሰች። የሰው ፊትና የባንክ ወረቀት ቪዲዮው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ምርመራው ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል።

ሪፖርት ለማድረግ ባለቤት መሆን ግዴታ አይደለም፤ ማንም ይችላል። ፎቶውን ለብቻው ክፈቱት፣ ጥግ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ወይም ባንዲራዋን ንኩ፣ ምክንያት ምረጡ። ጎግል ማፕ ከ2018 ጀምሮ በአማርኛም ስላለ ስልካችሁ በአማርኛ ከሆነ ምርጫዎቹ በአማርኛ ይመጣሉ፤ ትርጉሙ ግር ካላችሁ ለጊዜው ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፣ ምክንያት መሳት ዋጋ አለውና። ብዙ ሰው ስለተናደደ ብቻ «አስነዋሪ» የሚለውን ይመርጣል። የጎማ ፎቶ አስነዋሪ አይደለም። መርማሪው (ሰውም ይሁን ማሽን) ጎማውን አይቶ «ምኑ ነው ነውሩ?» ብሎ ያልፈዋል። ትክክለኛው ምርጫ የዚህ ቦታ ፎቶ አይደለም የሚለው ነው። ለብዥታ ጥራት የጎደለው፣ ለሰው ፊትና ለግል ሰነድ ደግሞ የግል ሕይወትን የሚመለከተውን ምረጡ። እኔ የጎማውን ሁለት ፎቶዎች በዚህ መንገድ ሪፖርት አድርጌ በአራተኛው ቀን ጠፉ። ስክሪንሾቱ ቀደም ብሎ ነበር የጠፋው። የሎተሪው ቲኬት እንደገና መከሰስ አስፈልጎታል።

«ዘመድ አዝማድ ሰብስቤ ሃምሳ ሰው ሪፖርት ላስደርግ» የሚል ሐሳብ በየጊዜው እሰማለሁ። አልመክረውም። የሚመዘነው ፎቶው ሕግ መጣሱ እንጂ የከሳሹ ብዛት አይደለም፤ ምክንያቱ ከተሳሳተ ሃምሳው ሰው ሃምሳ ጊዜ ተሳሳተ ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ አንዴ በትክክል አድርጋችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ። ካልተነሳ በባለቤትነት አካውንታችሁ ገብታችሁ በቢዝነስ ፕሮፋይል የእርዳታ ገጽ በኩል ጻፉ፦ የፎቶውን ሊንክ፣ የተሰቀለበትን ጊዜ፣ የትኛውን ሕግ እንደጣሰ፣ በሁለት መስመር። ታሪኩን አታብዙት። ፎቶው የእናንተ ሆኖ ሌላ ሰው ሰርቆ የለጠፈው ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት የሚያደርስ ጉዳይ ካለው፣ ለዚያ የተለየ የሕግ ማመልከቻ ቅጽ አለ፤ ተራው ባንዲራ አይበቃውም።

ከማሽኑ ወገን ያለውንም ሥራ አትናቁት። ጎግል በ2022 ብቻ ከ200 ሚሊዮን በላይ ፎቶና 7 ሚሊዮን ቪዲዮ ብዥ ያሉ፣ ጥራት የጎደላቸው ወይም ሕግ የጣሱ ሆነው በመገኘታቸው አግጃለሁ ወይም አንስቻለሁ ብሏል። አብዛኛው የሚለቀመው ማንም ሳያየው ነው። ማሽኑ ራቁት ገላና ስድብ ቶሎ ይይዛል። በግና ኬክ ቤት አብረው እንደማይሄዱ ማወቅ ግን የሰፈር ዕውቀት ነው።

ሪፖርቱ እየታየ እያለ የምትሠሩት ዋና ሥራ መተካት ነው። ገጹ ላይ አሥር ፎቶ ካለና አራቱ ቆሻሻ ከሆነ ገጹ ተበላሽቷል፤ ሰማንያ ጥሩ ፎቶ ካለ አራቱን ማን ያያቸዋል? ካርታው የትኛውን ፎቶ ቀድሞ እንደሚያሳይ ራሱ ይመርጣል፤ ባለቤቱ የሽፋን ፎቶ ቢመርጥም መጀመሪያ እንደሚታይ ዋስትና አይሰጠውም። ጥርት ያለ፣ ቅርብ ጊዜ የተነሳና ቦታውን በትክክል የሚያሳይ ፎቶ ሲበዛ ግን ምርጫው ወደናንተ ያዘነብላል። ፎቶው ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ፣ ከ10 ኪሎባይት እስከ 5 ሜጋባይት፣ ቢቻል ቢያንስ 720 በ720 ፒክስል ይሁን። ቪዲዮ ከ30 ሰከንድና ከ75 ሜጋባይት አይብለጥ።

ምን ይነሳ? ሰዎች ምግቡን ሃያ ጊዜ ያነሱና በሩን ይረሳሉ። በእኛ አገር «ሎኬሽን ላክልኝ» ያለ ሰው ካርታውን ተከትሎ ሕንፃው ሥር ከደረሰ በኋላ መልሶ ይደውላል፦ «ደርሻለሁ፤ የትኛው በር ነው?» አድራሻችን «ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር» በሆነበት ከተማ የመጀመሪያው ፎቶ ከመንገዱ ማዶ የተነሳ፣ ሕንፃውን ከነጎረቤቱ የሚያሳይ መሆን አለበት። ቀጥሎ ደረጃው ወይም ሊፍቱ፣ ቀጥሎ ታፔላው፣ ከዚያ የውስጡ። አንዱን በማታ አንሱት፤ ምሽት ላይ መብራቱ ሲበራ ቦታው ሌላ ይመስላልና። ኬኩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድ አለ። ፎቶውን የምትሰቅሉት ከቢዝነስ ፕሮፋይሉ ነው ወይስ ከግል አካውንታችሁ? ባለቤቱ ሥራ ሲበዛበት ስልኩ የሚሻለውን ልጅ «አንተ ስቀለው» ይለዋል፤ ልጁም ካርታውን ከፍቶ እንደማንኛውም ደንበኛ ይሰቅላል። ያ ፎቶ ለዘላለም የልጁ ነው። ከሥራ ቢለቅ፣ ስልኩ ቢጠፋ፣ ተጣልታችሁ ብትለያዩ፣ ፎቶውን የሚሰርዘው እሱ ብቻ ነው። ከፎቶው ጋር የሰቃዩ ስም ይታያል፤ እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ የበጉን ፎቶ ስከስ ይህን ስም አንድም ቀን ልብ ብዬ አላነበብኩትም። በላቲን ፊደል አጥሮ የተጻፈ የቅጽል ስም ነበር። ጎረቤቴ አንድ ከሰዓት ስልኬ ላይ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ አነበበችና «ውይ! ይሄማ የወንድሜ ልጅ ነው» አለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ነበር፣ ዓምና ሥራ ለቆ ሄዷል። በጉ ያኔ ለራሷ ለበዓል የተገዛ በግ ነው። ልጁን ደወልንለት። ስልኩ ላይ ካርታውን ከፍቶ፣ ያበረከታቸው ፎቶዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ለመሰረዝ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ስለዚህ ከባንዲራው በፊት ስሙን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ሰውየው የምታውቁት፣ በስልክ ቢለመን እሺ የሚል ሰው ነው። የጎማ ቤቱን ደንበኛ እንኳ «ወንድሜ፣ ይቺ ፎቶ በስህተት እኛ ጋ ገብታለች» ብላችሁ ብታገኙት ሳይሰርዝላችሁ አይቀርም።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ያለው ገጹ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2024 ወዲህ ፒያሳን ጨምሮ በኮሪደር ልማቱ የፈረሰው፣ የተነሳው፣ የተዛወረው ንግድ ብዙ ነው። የተዛወረ ንግድ አዲስ ገጽ ከመክፈት ይልቅ የድሮውን ገጽ አድራሻ ማስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ ሁለት ገጽ ይኖረውና የደንበኛው ፎቶ ግማሹ ወደ ፈረሰው ቦታ ይሄዳል። የድሮው በር ፎቶ አብሮ ስለሚመጣ አዲሱን በር የሚያሳዩ ፎቶዎች በብዛት መስቀል የግድ ነው። የሌላ ሰው ካፌ የነበረ ቤት ተከራይታችሁ የሥጋ ቤት ከከፈታችሁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የድሮውን ገጽ ስም ቀይራችሁ አትውረሱት፤ ኮከቡ ያጓጓል፣ ከኮከቡ ጋር ግን የሌላ ሰው ማኪያቶ ሁሉ አብሮ ይወረሳል። የድሮው «በቋሚነት ተዘግቷል» ተብሎ ይመዝገብ፣ እናንተ በራሳችሁ ስም አዲስ ጀምሩ። ተደራርበው ለተቀመጡ ፒኖችም መፍትሔው ተመሳሳይ ነው፦ በባለቤትነት ገብታችሁ ፒኑን ወደ ትክክለኛው የሕንፃው ጎን አንቀሳቅሱት፣ አድራሻው ላይ የፎቁን ቁጥር ጻፉ። ስልኩ ፎቁን ባያውቅም ሰውየው ስም ሲመርጥ «1ኛ ፎቅ» የሚለውን ያነባል።

አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ሌላም ነገር ይገጥማቸዋል። እዚያ ብዙ ደንበኛ በአይፎን የአፕልን ካርታ ነው የሚከፍተው። አፕል ከ2020 ጀምሮ ከተጠቃሚዎቹ ፎቶ መቀበል ቢጀምርም፣ በብዙ ቦታ የሚያሳየው ሰዎች ስለ ምግብ ቤትና ስለ ሆቴል አስተያየት ከሚሰጡባቸው ድረ ገጾች፣ ከየልፕ ወይም ከትሪፕአድቫይዘር፣ የመጣ ነው። ፎቶው ሥር የማን ስም እንዳለ እዩ፤ የየልፕ ከሆነ ክሱም የሚቀርበው የልፕ ላይ ነው፣ አፕል ላይ ብትጮኹ ምንጩ አይደርቅም። ባለ ንግዱ የራሱን ፎቶ የሚያስገባበት የአፕል መሣሪያ በ2023 መጀመሪያ ቢዝነስ ኮኔክት በሚል ስም የወጣው ነው፤ እሱም ነፃ ነው። የልፕም ለባለ ንግዶች የራሱ መግቢያ አለው። ስለዚህ አንድ የክትፎ ፎቶ ሦስት ቦታ መሰቀል አለበት ማለት ነው።

የጎረቤቴ ገጽ አሁን ሰላሳ ምናምን ፎቶ አለው። መጀመሪያ የሚታየው ከአስፋልቱ ማዶ የተነሳው ሕንፃ ነው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ካርታው በገዛ ፈቃዱ ባለ ሦስት ደርብ የሠርግ ኬክ ያስቀድማል። ስለ በግ የሚደውል ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሰው ደውሎ ባለ 15 ጎማ እንዳላት ጠይቋታል፤ ገብቼ ሳይ ፒኑን አንቀሳቅሰን ሳንጨርስ በፊት የተሰቀለ አንድ አዲስ ፎቶ አገኘሁ። ሪፖርት ያደረግኩት ሐሙስ ዕለት ነው።